የአያቴ ታንክ በሺዙዎካ

ከቶኪዮ ወደ ምዕራብ የሚሄደው የጃፓን ፈጣን ባቡር በሦስት ዓይነት የተከፈለ ነው። ከሦስቱ የሚፈጥነው በሺዙዎካ ከተማ አይቆምም፤ ጣቢያውን እንደ ነፋስ ያልፈዋል። ስለዚህ ወደ ሺዙዎካ የሚሄድ መንገደኛ ከቀሩት ከሁለቱ ባንደኛው ይሳፈራል፤ በእርሱም ቢሆን መንገዱ አንድ ሰዓት ያህል ቢፈጅ ነው እንጂ ብዙ አያሰለችም። በስተቀኝ የተቀመጠ ሰው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ እንደ ሆነ፣ 3,776 ሜትር ከፍታ ያለውን የፉጂን ተራራ ያያል። እኔ በሄድሁበት ቀን ግን ተራራው ደመናውን እንደ ጋቢ ተከናንቦ ስለ ነበረ ከእግሩ በቀር አላየሁትም።

ጊዜው በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወር ነው። መሥሪያ ቤቴ ለሦስት ሳምንት ትምህርት ወደ ቶኪዮ ልኮኝ ነበር። የትምህርት ጓደኞቼ ቅዳሜን ከሱቅ ወደ ሱቅ ሲዞሩ ሊያሳልፉ ተስማሙ። እኔ ግን በጥጥ የተሞላ የጫማ ካርቶን ታቅፌ ወደ ባቡር ጣቢያ አመራሁ። አንደኛው ጓደኛዬ በካርቶኑ ውስጥ ምን እንዳለ ቢጠይቀኝ፣ «ታንክ ነው» አልሁት። ሳቀ፤ እኔ ግን እውነቴን ነበር።

ታንኩ ርዝመቱ 9 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 4 ሳንቲ ሜትር ነው። ኢጣልያኖች በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረሩ ጊዜ ይዘውት የመጡት የትንሹ ታንክ ሞዴል ነው። ሞዴል ማለትም የእውነተኛውን ነገር መልክና ልክ ጠብቆ በትንሹ የተሠራ ምስል ማለት ነው። የፕላስቲክ ክፍሎቹን የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ላከልኝ፤ እኔም ከሥራ ከወጣሁ በኋላ ማታ ማታ እየተቀመጥሁ በአራት ወር ገጣጥሜ ቀለም ቀባሁት። ለምን ይህን ያህል እንደ ደከምሁበት ለአንባቢ መናገር ይገባኛል።

አያቴ የጎጃም ሰው ነበሩ። ራስ እምሩ የጎጃምን ጦር አስከትለው ወደ ሽሬ በዘመቱ ጊዜ አያቴ የ18 ዓመት ወጣት ነበሩና ስንቅ ተሸክመው ተከተሉ። ጦሩ ተከዜን ተሻገረ፤ ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. በደምበጉና በር ከኢጣልያን ታንኮች ጋራ ተገናኘ። እኔ የ12 ዓመት ልጅ እስክሆን ድረስ አያቴ በሕይወት ነበሩ፤ ይህንንም ታሪክ ማታ ማታ ከእሳት ዳር ያጫውቱኝ ነበር።

«ቤት የሚያህል ብረት እሳት እየተፋ መጣብን» ይሉ ነበር። «ጥይታችን እንደ በረዶ ከላዩ ይነጥራል። ኋላ ግን ጀርባው ዐይን እንደሌለው ዐወቅንበት።»

እኔም በልጅነት አእምሮዬ የምንኖርበትን ቤት እያየሁ፣ ያ ቤት ከነጣራው ተነሥቶ በሰንሰለት ሲሄድ ይታየኝ ነበር። አያቴ ካረፉ ከብዙ ዓመት በኋላ የታንኩን ሞዴል የሚሸጡ መኖራቸውን ስሰማ፣ ያንን ቤት በእጄ ልሠራው ቈረጥሁ። በአገራችን እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ጓደኛ ስላላገኘሁ፣ ሥራዬ ትክክል ይሁን ስሕተት የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። የሞዴል ሠሪዎች ከተማ የተባለችው ሺዙዎካ በባቡር የአንድ ሰዓት መንገድ መሆንዋን ባወቅሁ ጊዜ እንዴት ዝም ብዬ እቀመጣለሁ?

ሺዙዎካ በሱሩጋ ባሕረ ሰላጤ ዳር የተሠራች፣ በአረንጓዴ ሻይዋ የታወቀች ከተማ ናት። ከባቡር ጣቢያው የወጣ እንግዳ የማንን ከተማ እንደ ረገጠ ወዲያው ያውቃል። በ2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የከተማው አስተዳደር በየአደባባዩ እንግዳ የሆነ ሐውልት ማስተከል ጀመረ። የፖስታ ሣጥንና የስልክ ቤት፣ ገና ከካርቶን እንደ ወጣ ሞዴል ክፍሎቻቸው ተነጣጥለው፣ በአንድ ክፈፍ ላይ ተያይዘው ቆመዋል። ሰው የሚያህል ወረንጦና ሙጫ የሚፈልጉ ይመስላሉ። ልጆች በክፈፉ መካከል እየገቡ ፎቶግራፍ ይነሣሉ።

ይህች ከተማ ይህን ሙያ ያገኘችው በአንድ ቀን አይደለም። ከጥንት ጀምሮ በአካባቢዋ ጫካ ስላለ፣ ለታላቁ የሰንገን ቤተ መቅደስ ሥራ የተሰበሰቡት እንጨት ጠራቢዎችና ቀለም ቀቢዎች በዚያው ሰፍረው ሙያቸውን ለልጅ ልጅ አወረሱ ይባላል። በ1945 ሰኔ ወር ከተማይቱ በአሜሪካ አውሮፕላኖች ተደብድባ ተቃጠለች። በማግሥቱ ዓመት ዮሺዎ ታሚያ የሚባሉ ሰው የእንጨት መሰንጠቂያ አቋቋሙ፤ በ1948 ከእንጨቱ የመርከብና የሌላም ነገር ሞዴል መሥራት ጀመሩ። በ1953 ደግሞ የቤት እንጨት መሸጡን ትተው በሞዴሉ ሥራ ብቻ ጸኑ። ዛሬ በዓለም የታወቀው፣ ሁለት ኮከብ የአንዱ ምልክት ቀይ የሌላው ሰማያዊ የሆነለት የታሚያ ኩባንያ ይኸው ነው። ሌሎችም የታወቁ ሞዴል አምራቾች በዚችው ከተማ ይሠራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ላንሣ። የታንክ ሞዴል የሚሠራ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል «አንድ ሠላሳ አምስተኛ» የሚባለውን ልክ ያውቃል፤ ይኸውም እውነተኛው ታንክ ለ35 ተከፍሎ የአንዱን እጅ ያህል ማለት ነው። የኔም ታንክ በዚሁ ልክ የተሠራ ነው። ታዲያ ለምን 35 ሆነ? 30 ወይም 40 መሆን አይቀልም ነበርን?

ነገሩ እንዲህ ነው። ታሚያ በ1960 የመጀመሪያውን የፕላስቲክ ሞዴል፣ «ያማቶ» የተባለችውን የጦር መርከብ አወጣ። ተወዳዳሪዎቹ ግን ይህችኑ መርከብ በርካሽ ስለ ሸጡበት ከሰረ። የዮሺዎ ልጅ ሹንሳኩ ታሚያ በሚቀጥለው ዓመት «ፓንተር» የተባለውን የጀርመን ታንክ እንሥራ ብለው ተነሡ። ልጆች እንዲወዱት በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሄድ መሆን ነበረበት። ሞተሩና ሁለት የባትሪ ድንጋዮች በሆዱ ውስጥ እንዲገቡ ሆኖ የታንኩ አካል ተሰፋ። ሥራው ካለቀ በኋላ ሲለካ ከእውነተኛው አንድ ሠላሳ አምስተኛ ያህል ሆኖ ተገኘ። የታንኩን ሥዕል ሺጌሩ ኮማትሱዛኪ የተባሉ ስመ ጥሩ ሠዓሊ በካርቶኑ ላይ ሣሉት፤ ዕቃውም ገበያ አገኘና ኩባንያው ዳነ። በኋላም ኩባንያው ሌሎች ታንኮችንና ወታደሮችን በዚሁ ልክ እየሠራ ስላወጣ ሌላውም ዓለም ተከተለው። እንግዲህ በብዙ አገር ያሉ ሰዎች የሚመኩበት መለኪያ ከሊቃውንት ጉባኤ የወጣ ሳይሆን፣ ከባትሪ ድንጋይ ውፍረት የተገኘ ነው።

በየዓመቱ በግንቦት ወር በሺዙዎካ «ትዊን ሜሴ» በተባለው አዳራሽ ታላቅ የሞዴል ትርኢት ይደረጋል። ፋብሪካዎቹ አዲሱን ሥራቸውን ያሳያሉ፤ በዚያው ግቢ ደግሞ ከጃፓን አውራጃዎችና ከውጭ አገር የመጡ የሞዴል ሠሪ ማኅበሮች የአባሎቻቸውን ሥራ በጠረጴዛ ላይ ይደረድራሉ። ወደ አዳራሹ ስገባ ጫጫታ የሚበዛ መስሎኝ ነበር። ሕዝቡ ግን እንደ ቤተ ክርስቲያን ቀስ ብሎ ይራመዳል፤ ሁሉም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ጐንበስ ብሎ ያያል። አንዲት እናት ለልጅዋ አንድ ትንሽ ጣት የሚያህል ወታደር ቁልፍ ያልቈለፈውን ኮት ስታሳየው አየሁ።

በአንድ ጥግ ታንኮች ብቻ የተሰለፉበት ጠረጴዛ ነበር። ከበስተኋላው ነጭ ፀጉር ያላቸው ሽማግሌ ተቀምጠው በወረንጦ ጢም የምታህል ሽቦ ይዘዋል። አጠገባቸው እንግሊዝኛ የሚያውቅ ተማሪ ስላገኘሁ እርሱን አስተርጓሚ አድርጌ ካርቶኔን ከፈትሁ። ሽማግሌው ሽቦውን አስቀመጡ፤ እጃቸውን ጠረጉ፤ ታንኬን በሁለት እጃቸው ተቀብለው በአጉሊ መነጽር ዙሪያውን መረመሩ። ብዙ ቆዩ። የመሥሪያ ቤት ፈተና ውጤት የሚጠብቅ ሰው ልቡ እንዴት እንደሚመታ የሚያውቅ አንባቢ የኔን ሁኔታ ይገምተዋል።

መጀመሪያ ያሉት ነገር «መጋጠሚያው በደንብ ጸድቷል» የሚል ነበር። ይህ ከባዱ ሥራ ነው። የፕላስቲኩ ክፍል ከክፈፉ ሲቈረጥ ጉጥ ይቀርበታል፤ እርሱን በምላጭ ልጦ፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሽቶ ማጥፋት ያስፈልጋል። ሙጫውም እንደ ፖስታ ሙጫ አይደለም፤ ፕላስቲኩን ራሱን ጥቂት አሟሙቶ ሁለቱን ክፍል አንድ አካል ያደርጋቸዋል። ስለዚህ የበዛ እንደ ሆነ ሥራው ይቀልጣል። ሳይለጠፍ አስቀድሞ በደረቁ አጋጥሞ ማየት የዚህ ሙያ መጀመሪያው ሕግ ነው።

ቀጥለው ግን ቅንድባቸውን ሰበሰቡ።

«ይህ ታንክ የተዋጋው የት ነው?» አሉኝ።

«በአገሬ፣ በኢትዮጵያ» አልሁ።

«አገርህ የአሸዋ በረሃ ነውን?»

ደነገጥሁ። ታንኩን አቧራ ያለበሰሁት ከመጽሐፍ ያገኘሁትን የሊብያን ፎቶግራፍ እያየሁ ነበር፤ አሸዋ መስሎ ቢጫ ሆኗል። «አይደለም፤ ደጋና ወይና ደጋ፣ ድንጋይና ቍጥቋጦ የበዛበት አገር ነው» አልሁ።

«እንግዲያስ የዚያ አገር አፈር ምን ዓይነት ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ሽሬን ረግጬ አላውቅም፤ አያቴንም «አፈሩ ምን ይመስል ነበር?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። የጠላት ታንክ ስንት ብሎን እንዳለው በቃሌ ያጠናሁ ሰው፣ አያቴ የቆሙበትን መሬት መልክ ሳላውቅ ቀረሁ። ከኀፍረት የተነሣ ካርቶኑን መክደን አሰኘኝ።

ሽማግሌው ኀፍረቴን ሳያዩ አልቀሩም፤ ነገር ግን አላሉም። ይልቁንም ከራሳቸው ታንኮች አንዱን አንሥተው ሙያውን ያሳዩኝ ጀመር። እውነተኛው ታንክ የተቀባበት ቀለም እንዳለ በሞዴሉ ላይ ቢቀባ ከመጠን በላይ ይጨልማል። ትልቁን ነገር ከሩቅ ስናይ በመካከል ያለው አየር ቀለሙን ስለሚያደበዝዘው፣ በትንሹም ላይ ጥቂት ነጭ መጨመር ያስፈልጋል። ቀለሙ ከደረቀ በኋላ እንደ ውሃ የቀጠነ ጥቁር ቡናማ ቀለም በየብሎኑና በየስንጥቁ ይፈስሳል፤ ይህ ጥላ ይሆናል። ደግሞ ብሩሹ ነጣ ያለ ቀለም ነክቶ፣ በጨርቅ ላይ እስኪደርቅ ተጠርጎ፣ ጠርዝ ጠርዙን ሲዳብስ ብርሃን ያረፈበት ይመስላል። የተፋቀ ቀለም በቍራጭ ስፖንጅ ነጠብ ነጠብ ይደረጋል። ከሁሉ በመጨረሻ አቧራ ይመጣል።

«አቧራ ታሪክ ነው» አሉኝ ሽማግሌው። «ብረቱ ከፋብሪካ ሲወጣ ሁሉም አንድ ነው። የት እንደ ሄደና ምን እንደ ደረሰበት የሚናገረው አቧራው ነው።»

ከዚያ በኋላ መሳቢያቸውን ከፍተው ቀለም ያልተቀባ የሰው ምስል አወጡና ከታንኬ አጠገብ አቆሙት። በአንድ ሠላሳ አምስተኛ ልክ የተሠራ፣ አምስት ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ወታደር ነው። እኔ ከታንኩ ጋራ ሰው አቁሜ አላውቅም ነበር። አሁን ሳየው ግን ክው አልሁ፤ ሰውየው ከታንኩ ይረዝማል! የታንኩ ጣራ ከደረቱ አያልፍም።

እውነተኛው ታንክ ቁመቱ 1 ሜትር ከ28 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ15፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ40 መሆኑን አንብቤአለሁ። ሁለት ሰው ይይዛል፤ ክብደቱ ከ3 ቶን ጥቂት ከፍ ይላል፤ ብረቱ በወፈረበት ቦታ 15 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። እንደ ሌሎቹ ታንኮች የሚሽከረከር ጉልላት የለውም፤ መትረየሱ የሚተኩሰው ወደ ፊት ነው። አያቴ «ጀርባው ዐይን የለውም» ያሉት ይህን ነው። የራስ እምሩ ሰዎች ከኋላ እየዞሩ ወጡበት፤ ከታንኮቹም ብዙዎቹ በደምበጉና ቀሩ። ይህን ሁሉ በቍጥር አውቀው ነበር። ቍጥሩ ግን ያችን ትንሽ ወታደር እስካያት ድረስ ምንም አልነገረኝም።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። «ቤት የሚያህል ብረት» የተባለው ከሰው ደረት የማይደርስ ከሆነ፣ አያቴ ሲያጫውቱኝ ያጋንኑ ኖሯል ማለት ነውን? ይህንኑ ለአስተርጓሚው ነገርሁትና ለሽማግሌው አስረዳልኝ። ሽማግሌው ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያም ሺዙዎካ በተቃጠለች ሌሊት የአምስት ዓመት ልጅ እንደ ነበሩ፣ እናታቸውም በጀርባቸው አዝለዋቸው ወደ ወንዝ እንደ ሮጡ ነገሩኝ።

«ካደግሁ በኋላ ያንን አውሮፕላን በሞዴል ሠራሁት» አሉ። «ክንፉ 43 ሜትር ነው፤ እኔ የሠራሁት ከ144 አንድ እጅ ስለ ሆነ 30 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ልኩ ትክክል ነው፤ እኔው ራሴ ለካሁት። ያን ሌሊት ያየሁት አውሮፕላን ግን ሰማዩን ሞልቶት ነበር። አያትህም አልዋሹም። አንተ በብረቱ ልክ ለክተሃል፤ እርሳቸው በልባቸው ልክ ለኩት።»

ያቺን ቀለም ያልነካት ወታደር በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። «የአንተ ሰው ትሁን» አሉኝ። እጅ ነሥቼ ተሰናበትሁ። ማታ በባቡሩ መስኮት ፉጂን ለማየት ብሞክር መሽቶ ነበር።

ወደ አገሬ ከተመለስሁ በኋላ፣ በ2025 ሐምሌ ወር፣ ሹንሳኩ ታሚያ በ90 ዓመታቸው ማረፋቸውን ሰማሁ። የባትሪውን ልክ የዓለም ልክ ያደረጉት ሰው ናቸውና ከልብ አዘንሁ።

በመሥሪያ ቤታችን የሽሬ ተወላጅ የሆነ ጓደኛ አለኝ። ዘመዶቹን ሊጠይቅ ሲሄድ አንድ እፍኝ አፈር እንዲያመጣልኝ ለመንሁት። ለምን እንደ ሆነ ስነግረው ፊቱ ጠቈረ።

«ወንድሜ፣ እኛ እኮ በ2013 በተነሣው ጦርነት ታንኩን በደጃችን ሲያልፍ አይተነዋል» አለኝ። «አንተ ደግሞ ትንሽ አድርገህ ለጠረጴዛ ትሠራዋለህ?»

የምመልሰው ቃል አላገኘሁም። ታንክን አሳምሮ መሥራት ጦርነትን ማሳመር እንዳይሆን እኔም ራሴን ሳልጠይቅ አልቀረሁም። የአያቴን ታሪክ፣ የሽማግሌውንም ነገር እንዳለ አጫወትሁት። ከደምበጉናው ድል በኋላ ብዙ ሳይቆይ በተከዜ ዳር በአያቴ ጓደኞች ላይ ከአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ እንደ ወረደባቸው፣ አያቴም እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ የነጭ ሽንኩርት ሽታ እንደ ጠሉ ነገርሁት። ሰምቶኝ ሄደ፤ አመጣለሁም አላመጣም አላለኝም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን አንድ ፖስታ ከጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁ። በውስጡ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ አፈር ነበረበት።

አፈሩን በሙቀጫ ወቀጥሁት፤ በሻሽ ሦስት ጊዜ ነፋሁት። አንድ ሚሊ ሜትር የምታህል ጠጠር በዚህ ልክ የሦስት ሳንቲ ሜትር ተኩል ድንጋይ ትሆናለችና ዱቄት እስኪሆን ድረስ መንፋት ግድ ነው። የሊብያውን ቢጫ አጥቤ፣ ቀለሙን አድሼ፣ የሽሬን አፈር በሰንሰለቱና በጐኑ ላይ በለስላሳ ብሩሽ ነሰነስሁት። ወታደርዋን የቆብ ብረቷን ቈርጬ ጣልሁላት፤ የወረቀት መሐረብ በቀጠነ ነጭ ሙጫ ነክሬ ጋቢ አለበስኋት። ሁለቱንም በአንድ እንጨት ላይ፣ ሰውየውን ከታንኩ በስተጀርባ አቆምኋቸው።

ይህን ሥራ ሊሞክር ለሚያስብ ተማሪ ወይም ለመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ የምመክረው ትንሽ ነው። ዕቃው ብዙ አይደለም፤ ስለታም ምላጭ፣ ወረንጦ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ሙጫና ሁለት ሦስት ብሩሽ ይበቃል። ከዕቃው ይልቅ የሚፈጀው ማታውን ነው። ሥራው ከተጀመረ ግን ስለ ብረቱ ብቻ ሳይሆን ስለ መሬቱና ስለ ሰዉም ይጠየቅ። እኔ ዘግይቼ ጠየቅሁ።

ሥራዬ አለቀ ብዬ እናቴን አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየች። ታንኩን ከቁም ነገር አልቈጠረችውም፤ የምታየው ሰውየውን ነበር።

«ጋቢው መልካም ነው» አለች። ቀጥላም፣ «ጫማውን ግን ከየት አመጣህለት? አባባ ወደ ሽሬ የሄዱት ባዶ እግራቸውን ነው» አለችኝ።

በዚያው ማታ ምላጩን አነሣሁ። ጫማውን ፍቆ እግር ማውጣት አምስት ማታ ፈጀብኝ።